ጉርድ ፎቶ ልነሳ ወጥቼ

ዛሬ ጠዋት መታወቂያ ላሳድስ ብዬ ጉርድ ፎቶ ለመነሳት ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ገባሁ። አንሺዋ ሴት ናት። «ወንድሜ፣ ትከሻህን ልቀቀው። አገጭህን ዝቅ። ምነው፣ የተጣላህ ሰው አለ እንዴ?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። መሃል ላይ አንድ ሽማግሌ በበሩ ብቅ ብለው «ባለሙያው የለም?» ሲሉ ጠየቁ። «እኔው ነኝ አባባ» አለች፣ ዓይኗን ከካሜራው ሳትነቅል።

ፎቶው እስኪታተም ሐይቁ ዳር ወርጄ፣ ቡናዬን ይዤ የጥንቶቹን ሴት ፎቶ አንሺዎች ሳስብ ቆየሁ። እንግሊዛዊቷ አና አትኪንስ በ1843 (በፈረንጆቹ) ያለ ካሜራ ነው የሠራችው። የባሕር አረሙን የብረት ጨው የተቀባ ወረቀት ላይ ታነጥፋለች፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ከዚያ ወረቀቱን በውሃ ታጥበዋለች። አረሙ ነጣ ብሎ፣ ዙሪያው ድፍን ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። በፎቶ ምስሎች የተዘጋጀ የመጀመሪያው መጽሐፍ የሚባለው የሷ ነው። እኛ በርበሬ እናሰጣለን፣ እሷ ምስል!

ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ደግሞ ካሜራ በስጦታ ያገኘችው በ48 ዓመቷ ነው። ሴት ልጇና አማቿ ናቸው የሰጧት። የዶሮ ቤቱን ስቱዲዮ፣ የከሰል ማስቀመጫውን ፎቶ የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል አደረገችው። «ፎቶሽ ደብዛዛ ነው» ብለው ሲነቅፏት ጆሮ አልሰጠችም። ደግ አደረገች።

ስመለስ ፎቶዬ ደርሷል። ሽማግሌው ቤታቸው ሄደው ኮት ለብሰው መጥተዋል። ወንበሩ ላይ ኮፈስ ብለው «እንደዚህ ነው ልጄ?» ይሏታል። እሷ ኮሌታቸውን ታስተካክላለች።