ልጆቼ አባታቸውን በፎቶ አላወቁትም

ባለቤቴ ባለፈው ጥቅምት አረፈ። ዕድሜው ከ80 አልፎ ነበር። ወንዶች ልጆቹ ገነዙት፣ የልጅ ልጆቹ ተሸክመው ቀበሩት። ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ «ዕድሜ ጠግቦ ነው የሄደው፣ አይዞሽ» ይለኛል። እኔ ግን እንባዬም ምስጋናዬም አንድ ላይ ነው የሚመጣው። ይህን ሰው በ1970 ዓ.ም. ቅበሪው ተብዬ ነበርና፣ የቁልቢው ገብርኤል ምን እንዳደረገልኝ ልመስክር።

እሱ የድሬዳዋ ልጅ፣ የምድር ባቡር ሰው ነበር። ፈረንሳይኛውን ከአለቆቹ፣ ሶማልኛና ኦሮምኛውን ከሰፈር ልጆች ለምዶ፣ ከሁሉም ጋር በየቋንቋው ይስቅ ነበር። ማለዳ በብስክሌቱ ከከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ሲወጣ ፉጨቱ ይቀድመዋል።

በ1969 ሰኔ መግቢያ ላይ በዕቃ ባቡር ወደ ጂቡቲ ወጣ። በዚያው ሰሞን ድልድይ በድልድይ ላይ እየፈረሰ መስመሩ ተቆረጠ። ሐምሌ ላይ ጦርነቱ ገባ፣ ነሐሴ ላይ የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ደረሰ። መድፉ ሲያጓራ ቤቱ ይርገፈገፍ ነበር። እኔ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ የመጀመሪያ ልጄ ገና ዳዴ ይላል። ከተማው ሳይያዝ ቀረ እንጂ መስከረም ላይ ጅጅጋ ወደቀች፣ የእሱም ወሬ ጠፋ። ደብዳቤ የለም፣ አየሁት የሚል የለም። ኅዳር ላይ ሴት ልጅ ተገላገልኩ። አባቷ መወለዷን አያውቅም፣ እኔም አባቷ መኖሩን አላውቅም።

ዘመድ ተሰብስቦ መከረኝ። «እርምሽን አውጪ፣ ፍራሽ ይዘርጋ፣ ሰው ሳይለቀስለት አይቀርም» አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም። በዚያ ጊዜ ስንቱ ወጥቶ ቀርቷል! ጥቁር ልብስ ሳይቀር አምጥተው ሳጥኔ ላይ አስቀመጡልኝ። አልለበስኩትም። አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያንን ልብስ አንስተው «እሷ እስክትለብስ እኔም አልለብስም» ብለው ለጎረቤት መለሱት። እናቱ ናቸው እንግዲህ፤ ከእኔ ይልቅ ማልቀስ የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ።

ታኅሣሥ 19 ደረሰ። ገብርኤል አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ከእቶነ እሳት ያወጣበት ዕለት ነው። በደህናው ዘመን ድሬዳዋ ለዚያ ቀን እንቅልፍ የላትም። ሰው ከየአገሩ በባቡር ይገባል፣ የደንገጎን ዳገት በመኪናም በእግርም ይያያዘዋል፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጧፍና ጥላ ይዞ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ቁልቢ ይወጣል። በዚያ ዓመት ግን መንገዱ የጦር መንገድ ሆኖ ነበር፣ እኔም አራስ ነኝ። ስለዚህ ሌሊት በቤቴ ሆኜ ልጄን ታቅፌ ፊቴን ወደ ዳገቱ አዙሬ ቆምኩ። «ገብርኤል ሆይ፣ ከእሳት ማውጣት ታውቅበታለህ። ልጆቼ አባታቸውን በፎቶ እንዳያውቁት አድርግልኝ። አቅፏቸው ይደጉ። ይህን ካየሁ በእግሬ ወጥቼ ጥላ አገባልሃለሁ» አልኩት። ሌላ ነገር አልለመንኩም። ገንዘብም፣ ቤትም፣ ለራሴ ዕድሜም አልለመንኩም።

የካቲት ላይ በካራ ማራ ድል ሆነ፣ ጅጅጋ ተመለሰች። ክረምቱ ሲገባ መስመሩ ተጠገነ ተባለ። ከዚያ አንድ ማታ በሩ ተንኳኳ። የከፈቱት አማቴ ነበሩ። እልልታቸው ሰፈሩን ሁሉ አስወጣው። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ሽርጥ እንዳገለደመ ቆሟል። ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ ሰጠሁት። እሷም አላለቀሰችም፣ ጢሙን ያዘችው።

የደረሰበትን ሲነግረን፣ ባቡራቸው ከአዲጋላ ወዲያ እንደሄደ የፊቱ ድልድይ ፈርሶ ይቆማል። እንመለስ ሲሉ የኋላው ተሰብሯል። ሰዎቹ ተበታተኑ፣ እሱን ንዳድ ያዘውና በረሃ ላይ ወደቀ። ያገኙት አንድ የኢሳ ጎሳ ሽማግሌ ናቸው። ወደ ጎጇቸው አስገብተው የግመል ወተት እያጠጡ አስታመሙት፣ ሽርጥ አስታጠቁት። መሣሪያ የያዙ ሰዎች መጥተው «ይህ ማነው?» ሲሉ በሶማልኛ «ልጄ ነው፣ ታሟል» ብለው መለሱ። በጦርነት መካከል፣ ለማያውቁት ሰው! በኋላ ከብቶቻቸውን እየነዱ ድንበር አሻገሩት።

«ጂቡቲ መቼ ገባህ?» አልኩት።

«ቀኑን አላስታውስም። ብቻ የፈረንጆቹ ገና ሰሞን ነበር፣ ሱቁ ሁሉ አሸብርቆ ነበር» አለኝ።

የፈረንጆች ገና ታኅሣሥ 16 ነው። እኔ በቤቴ ቆሜ ስጮህ እሱ በሰላም አገር ገብቶ ነበር። ይህን የሰማሁ ጊዜ ጉልበቴ ከድቶኝ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ገብርኤል በእነዚያ ሽማግሌ እጅ እንደደረሰለት እስከ ዛሬ አልጠራጠርም።

ስለቴን በ1971 ታኅሣሥ አገባሁ። ልጅቷን በትከሻው አድርጎ ዳገቱን ሲወጣ፣ እኔ ጥላውን ይዤ ከኋላው ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ የኖርነው ኑሮ የብዙ ሰው ኑሮ ነው፣ አላስረዝመውም። አምስት ልጆች አሳደግን። ጥብቅ አባት ነበር፣ ለልጅ ልጆቹ ግን ጥብቅነቱ አልቆ ነበር። በብስክሌቱ ፊትና ኋላ ጭኖ ሰምቡሳ ሊገዛላቸው ሲወስዳቸው እናቶቻቸው ይቆጣሉ፣ እሱ አይሰማም። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ የውሃውን ድምፅ ቀድሞ የሰማው እሱ ነው። ሁለቱን ሕፃናት በብብቱ አድርጎ ወደ ከፍታው ወጣ፣ ተመልሶም የጎረቤት በር ሲያንኳኳ አነጋ። ከነዚያ ሕፃናት አንዱ ዘንድሮ ሬሳውን ከተሸከሙት ነው።

ሽማግሌውን አልረሳቸውም። እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ ስኳርና ልብስ ይልክላቸው ነበር። በቀብሩ ማግስት ልጃቸው ከበረሃ ድረስ መጥቶ ከልጆቼ ጎን ፍራሽ ላይ ተቀመጠ። ለቀስተኛው «ምኑ ነህ?» ሲለው «ወንድማቸው ነኝ» አለ። ልጆቼም «አዎ» አሉ።

አርባውን አውጥተናል። በመጪው ታኅሣሥ 19 የልጅ ልጆቹ ጥላ ይዘው ቁልቢ ይወጣሉ፣ እኔም ጉልበቴ ስለደከመ በመኪና እከተላቸዋለሁ። የለመንኩትን አትረፍርፎ የሰጠኝ አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን፤ የባለቤቴንም ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልኝ። አሜን።