እንዳያልቅ ስለምን ያለቀልኝ ጋዝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ምስክርነት ሲባል ዕውር ሲበራ፣ ሽባ ሲተረተር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስለ ጋዝ ሲሊንደር ልመሰክር መሆኔን ሳስበው ትንሽ አፍራለሁ። ግን "እናገራለሁ" ብያለሁና ልናገር።

የምንኖረው ሐዋሳ ነው፤ ባለቤቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይሠራል፣ እኔ ከልጄ ጋር ቤት እውላለሁ። ጊዜው ሰኔ ነው፤ የሐዋርያት ጾም። መብራት እየጠፋ ስላስቸገረን የኤሌክትሪክ ምድጃዬ ጌጥ ሆኖ ተቀምጧል። ያለኝ ጋዝ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ማለቁ ደርሷል። ጠዋት ጠዋት ክብሪት ስጭር "ቅዱስ ገብርኤል፣ ደመወዝ እስኪገባ አድርስልኝ" እላለሁ። ሲሊንደሩን እነቀንቃለሁ፣ አንዳንዴም ሙቅ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አቆመዋለሁ። (እናንተ አታድርጉት፤ ባለቤቴ ስንት ጊዜ ተቆጥቶኛል።) በቃ ጸሎቴ ይኸው ነበር፦ እንዳያልቅ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሽንኩርቱን አቁላልቼ ሽሮዬን ጣድኩና እሳቱን ቀነስ አደረግሁ። ደጅ ያሰጣሁት ልብስ አለ። በታቦር ተራራ በኩል ዝናቡ ሲመጣ አየሁና ሮጥኩ። ልብሱን ሰብስቤ ስመለስ በሩ ተቀርቅሯል።

ውስጥ ሦስት ዓመት ያልሞላት ሚጣ አለች። በዚያው ሳምንት እሑድ አባቷ መቀርቀሪያ መሳብ ሲያስተምራት ነው የዋለው፤ በዘጋች ቁጥር ሁለታችንም እናጨበጭባለን። መክፈቱን አላስተማራትም።

"ሚጣዬ፣ ክፈቺ!" ስላት ትስቃለች። ለሷ ጨዋታ ነው። ስልኬም ውስጥ ነው። መስኮቱ ፍርግርግ ብረት አለው፤ በሱ ሳይ በርጩማዋን እየጎተተች ወደ ምድጃው ትሄዳለች። የበርጩማው እግር ሲሚንቶው ላይ ያሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ወጣችበት። ከጎኗ የተሰቀለው መጋረጃ ጫፍ ከእሳቱ ስንዝር አይርቅም፤ "ዛሬ አሳጥረዋለሁ፣ ነገ አሳጥረዋለሁ" ስል የከረምኩት መጋረጃ ነው።

ጮህኩ። ጎረቤቴ ከነሊጥ እጇ ደረሰች። እሷ ፕሮቴስታንት ናት። በሩን በትከሻዋ እየገፋች "በኢየሱስ ስም!" ትላለች፤ እኔ ፍርግርጉን ይዤ "ቂርቆስን ከፈላ ውሃ ያወጣህ ገብርኤል!" እላለሁ። ልጇ ወደ ብየዳ ቤት በረረ።

"እማ፣ ሽሮ ቱክ ቱክ ይላል" አለችኝ ሚጣ፣ ማማሰያውን ይዛ።

"ውረጂ የኔ እናት፣ ውረጂ!"

አልወረደችም። እጇን ወደ ድስቱ ዘረጋች። እናት በዚህ ሰዓት ዐይኗን ትጨፍናለች? እኔ ጨፈንኩ።

"እማ፣ እሳት ተኛ።"

ስገልጥ ሰማያዊው ነበልባል የለም። ደስ ያለኝ እንዳይመስላችሁ፤ ይባስ ደነገጥኩ። ነበልባሉ ጠፍቶ ጋዙ እየወጣ ቢሆንስ? አፍንጫዬን በብረቶቹ መሃል አስገብቼ አሸተትኩ። ያረረ ሽሮ ብቻ ነው የሚሸተኝ። የብየዳው ልጅ መብራት ስለሌለ የእጅ መጋዝ ይዞ መጣ። ሁለት ብረት ቆረጠና የጎረቤቴን ልጅ በቀዳዳው አሾልኮ አስገባው፤ በሩ ተከፈተ። ሚጣ እጇ ላይ ሽሮ እንጂ አንዳች ጭረት አልነበረባትም። የብየዳው ልጅ ሲሊንደሩን በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ "ባዶ ነው እኮ እህቴ፤ አልቋል" አለኝ። ደመወዝ ሊገባ 11 ቀን ሲቀረው።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እልል አልኩ።

ወንድሜ ሲሰማ "ሊያልቅ የደረሰ ጋዝ አለቀ፤ ታዲያ ምኑ ነው ተአምሩ?" አለኝ። ልክ ነው፣ እኔም ያልኩት አለቀ ነው። ግን ጠዋት ቁርስ ስሠራ ሊያልቅ ይችል ነበር፤ ለማታም ሊተርፍ ይችል ነበር። 11ዱን ቀን በከሰል ሠራን፤ በጭሱ አላማረርኩም ብል ውሸት ነው።

የቸገረኝ ስእለቱ ነበር። መሳሌን አውቃለሁ፤ ምን እንደተሳልኩ ግን ጠፋብኝ። ጎረቤቴን ብጠይቃት ሳቀችና "ጥላ ነው ያልሽው። በጆሮዬ ሰምቼሻለሁ፤ ትልቅ ጥላ" አለችኝ። ገዛሁ።

ሐምሌ 19 ቅዱስ ገብርኤል ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላው ውሃ ያዳነበት በዓል ነው። ሐዋሳ ገብርኤል ያን ዕለት ከየአገሩ በመጣ ምእመን ይጨናነቃል፤ ባጃጅ ሩቅ ነው የሚያወርዳችሁ። እኔ ጥላውን፣ ባለቤቴ ሚጣን ይዘን በካፊያው ገባን። ጥላዬን አስረክቤ ዞር ስል ሚጣ አባቷ ትከሻ ላይ ሆና፣ ሰው ሁሉ ያበራውን ጧፍ ትክ ብላ ታያለች።

"እማ፣ እዚህ እሳት አልተኛም" አለችኝ።