ጅማ ላይ ወይን በምን ይጠጣል?

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጊቤ ቁልቁለት ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል። ዛሬ ግን ጉዳዬ ብርጭቆ ነው።

ጅሬን ኮረብታ ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሳይ ውዬ፣ ማታ ሆቴሌ ቁጭ ብዬ ቀይ አካሽያ አዘዝኩ፤ ያንን የዝዋዩን። አስተናጋጇ በውሃ ብርጭቆ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልታ አመጣችልኝ።

«እህቴ፣ ባለ እግር ብርጭቆ ይኖራል?»

«አለ ጋሼ። ግን እሱ ትንሽ ነው የሚይዘው ብዬ ነው።»

እውነቷን ነው። እኛ ጋ አጉድሎ መቅዳት ንፉግ ያሰኛል። ጅማ ላይ ስኒ ጎድሎ ቢቀርብልህማ ቅር ይልሃል! ወይን ግን ባዶ ቦታ ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ1977 ደረጃ የወጣለት የቀማሾች ብርጭቆ 215 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል፤ የሚቀዳበት ግን 50 ብቻ ነው። የቀረው ለሽታው ነው። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ሲል ሽታው ሳይበተን ይጠራቀማል።

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ሞከርኩ። ከውሃው ብርጭቆ ቀድሞ የመጣው አፍንጫ የሚቆነጥጥ አልኮል ነው። ከባለ እግሩ የበሰለ እንጆሪ ሸተተኝ፣ ቀጥሎ ቅመም ቅመም አለ። የጃፓን ተመራማሪዎች ይህንን እ.ኤ.አ. በ2015 በካሜራ አሳይተውታል። ወይኑ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በወይን ብርጭቆ የአልኮሉ ትነት ከንፈሩን ተከትሎ ቀለበት ይሠራል፣ መሃሉ ይሳሳል። አፍንጫችን የሚያርፈው እዚያ ነው። ቀጥ ባለው ብርጭቆ ቀለበቱ አልታየም።

ቅርጹ ወይኑን «ጣፋጭ ወደሚለየው የምላስ ክፍል» ይወስደዋል የሚሉ ሻጮች አሉ። ይሄ አይዋጥልኝም። ምላስ እንዲያ በቀበሌ አልተከፋፈለም።

በማግስቱ ከጠጅ ቤት በጠርሙስ ጠጅ ይዤ መጣሁ። ብርሌ ሽታ በደንብ ያጠራቅማል፣ ግን አንገቱ ቀጭን ስለሆነ አፍንጫ አያስገባም። በባለ እግሩ ብርጭቆ ስቀዳው ማሩና ጌሾው ለየብቻ መጡ። አስተናጋጇም ቀምሳ «ውይ፣ ሌላ ጠጅ!» አለች። ከሌላ ቤት ያመጣሁት ግን የተቃጠለ ስኳር ሸተተ። እሱን በብርሌ ጨረስኩት።