አይላሼን ያስነሣሁበት ቀን

የዓይኔ ቆብ ጠርዝ መቅላትና ማሳከክ የጀመረው አይላሽ፣ ማለትም በሙጫ የሚያያዝ ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት፣ ማስለጠፍ በጀመርኩ በአምስተኛው ወር ነበር። ጠዋት ስነሣ ዓይናር ሽፋሽፍቴን አጣብቆት አገኛለሁ፤ ቀን ላይ ደግሞ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል። ጥፋቱ በከፊል የራሴ እንደነበር አልክድም። ከተለጠፈ በኋላ ባሉት 24 ወይም 48 ሰዓታት ውኃ እንዳላስነካው ተነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ቶሎ እንዳይረግፍብኝ ሳስቼለት ጥንቃቄውን ወደ ሳምንታት አራዘምኩትና ፊቴን ስታጠብ ዓይኔን እየዘለልኩ ኖርኩ።

የዓይን ሐኪሙ በማጉያ መሣሪያ አይተው ብሌፋራይተስ፣ ማለትም የዓይን ቆብ ጠርዝ መቆጣት እንደሆነ ነገሩኝ። በሽፋሽፍቶቼ ሥር እንደ ፎረፎር ያለ ቅርፊት ዙሪያውን ይዞ ነበር፤ ይህም ያለ ማጉያ የማትታየው ዴሞዴክስ የተባለች ተባይ መብዛቷን ያመለክታል። በላይኛው ቆብ ከ25 እስከ 40፣ በታችኛው ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ ቅባት አመንጪ እጢዎች አሉ፤ እንባችን ቶሎ የማይተነው በእነርሱ ቅባት ነው። ሕክምናው እጢዎቹን የደፈነውን ቅባት በሞቀ ጨርቅ ማቅለጥ፣ ቆቡን ማሸትና የሽፋሽፍቱን ሥር ማጽዳት ሲሆን፣ አይላሽ የሚሠሩ ባለሙያዎች አጥብቀው የሚከለክሉት ደግሞ ሙቀትን፣ ቅባትንና ማሸትን ነው። ሐኪሙ ቅባት በሌለው አረፋና በለስላሳ ብሩሽ በየቀኑ እያጸዳሁ ላቆየው እንደምችል ስለነገሩኝ ሦስት ሳምንት ሞከርኩት። ቆቡ ለተቆጣበት ሰው ይህን ምክር እኔ አልሰጥም፤ በሙጫው ሥር የተያዘውን ቅርፊት ብሩሽ አያወጣውም፣ እኔንም ከሕመሙ ጋር ከማቆየት በቀር የጠቀመኝ ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ለማስነሣት ወደለጠፈችልኝ ባለሙያ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ቀላል ጉዳይ ከሁሉ የከፋው እንደሚሆን አልጠረጠርኩም። ሙጫው ሳያኖአክሪሌት ከሚባለው ፈጥኖ ከሚደርቅ ማጣበቂያ የሚሠራ ስለሆነ የሚለቀው በማሟሟያ ሲሆን፣ ማሟሟያው በክሬም፣ በጄልና በፈሳሽ መልክ ይገኛል። ክሬሙ በተቀባበት ይቆያል፤ ፈሳሹ ግን ወዲያው ይወርዳል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። እርሷ የተጠቀመችው ፈሳሹን ነበር፤ ያበጠውንና የተላላጠውን ቆቤን እያየች አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም።

መጀመሪያ የተሰማኝ ጠርዙ ላይ የሚያቃጥል ነገር ነበር። ስነግራት «ትንሽ ታገሺ፣ ሊያልቅ ነው» አለችኝ። ታገሥኩ። ሥራዋን እንዳላበላሽባት፣ ከእኔ በኋላ ተራ የሚጠብቁትንም እንዳላስመርር ይሉኝታ ያዘኝ፤ እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር ያላልኩት በዚህች ይሉኝታ ነው። ጥቂት ቆይቶ ፈሳሹ በአፍንጫዬ በኩል ባለው የግራ ዓይኔ ጥግ ገባ፤ ደንግጬ ዓይኔን ስከፍተው የቀረውም ተከትሎ ገባ። እርሷ ግን ወደ ውኃ በመውሰድ ፈንታ በጥጥ ጠረገችው፣ በእጇም አራገበችልኝ። ከዚያም ግማሹ ሙጫ ገና ሳይለቅ በወረንጦ እየሳበች ጨረሰችው፤ በጥጡ ላይ ከአይላሹ ጋር የራሴም ሽፋሽፍት ተነቅሎ አየሁ። አመስግኜ ወጣሁ። ዓይኔን በውኃ ያጠብኩት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቤቴ ስደርስ ነው። ኬሚካል የገባበት ዓይን ወዲያውኑ፣ በዚያው ቦታ፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ መታጠብ ሲገባው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይዤው ዞርኩ።

በማግሥቱ ብርሃን ማየት አልቻልኩም። ሐኪሙ ቀለም ጠብ አድርገው በሰማያዊ ብርሃን ሲያዩት የኮርኒያው፣ ማለትም የዓይን የፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ገጽ ተልጦ ተገኘ፤ በታዘዘልኝ ቅባት በጥቂት ቀናት ዳነ። ባለሙያዋን ደውዬ ስነግራት የመለሰችልኝ «ዓይንሽ ስሱ ነው» የሚል ነበር። አሁንም ያናድደኛል፤ በሰው ዓይን ላይ የሚሠራ ሰው ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነና ዓይን ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚደረግ ሊያውቅ ይገባል።

ለማስነሣት የምትሄድ ሴት ከመጋደሟ በፊት ማሟሟያው ክሬም መሆኑን ትጠይቅ፣ የውኃ ቧንቧውም የት እንዳለ በዓይኗ ትይ። ቆቧ ካበጠ ወይም ከቆሰለ አስቀድማ ሐኪም ታማክር እንጂ ወደ ለጣፊዋ አትሂድ። ሲያቃጥላት ተነሥታ ትቀመጥ፤ ማንም ቢቀየማት ይቀየማት። አይላሹን ቤት ውስጥ በራስ እጅ መጎተት ከዚህም የባሰ ነው። ከሌላ ሰው የተረፈ ጠብታም አይነካ፤ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ መቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፋ የዳኑ ያስመስላል፣ ያለ ሐኪም ክትትል ሲቆይ ግን የዓይንን ግፊት ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ከመለጠፉ በፊት ለሙከራ ጥቂት ፍሬ መለጠፍ ጥሩ ነው ይባላል፤ እኔ አልተማመንበትም፣ ምክንያቱም አለርጂ ለወራት ከተለመደ ሙጫም ሊነሣ ይችላል።

የቀረው ቀላል ነበር። ጠዋትና ማታ ንጹሕ ጨርቅ በሚቻል ሙቀት አርጥቤ፣ ሲበርድ እያሞቅኩ፣ ለ10 ደቂቃ ዓይኔ ላይ አኖራለሁ፤ ከዚያ የላይኛውን ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ በቀስታ አሽቼ ጠርዙን ለዓይን ቆብ በተዘጋጀ ማጽጃ እጠርጋለሁ። በውኃ የቀጠነ የሕፃናት ሻምፑ ብዙዎች ይመክራሉ፤ የእኔን ቆዳ ስላደረቀው ተውኩት። በስድስተኛው ሳምንት ቅላቱ ጠፋ። ሕመሙ ተመላላሽ ስለሆነ ማጽዳቱን አላቆምኩም፤ አይላሽም አልለጠፍኩም። ሽፋሽፍቴ ከሞላ ጎደል ተመልሶ በቅሏል፤ በግራ ዓይኔ የውጪ ጥግ ያሉት ግን እስካሁን ሳስተው ይታያሉ።