የክሊኒኩን ዲዛይን ከሚሠሩበት ሰዎች ጋር ስንወስን

«ባለድርሻ አካላትን ማሳተፍ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው የታወቀ ነው። ፕላኑ አልቆ አዳራሽ ይያዛል፣ የስሪ ዲ ምስሉ ይታያል፣ «አስተያየት ያለው?» ይባላል። አንዱ ስለ ቀለሙ፣ ሌላው ስለ መኪና ማቆሚያው ይናገርና ቃለ ጉባኤ ተፈርሞ ሰው ይበተናል። የእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ ዲዛይን ስጀምር ከአሠሪው ጋር የተስማማሁት ተጠቃሚው ለማጽደቅ ሳይሆን ለመወሰን እንዲጠራ ነበር።

መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ ማን ይጠራ የሚለው ነው። ከአሠሪው በተሰጠኝ ዝርዝር ላይ ሥራ አስኪያጁ፣ የየክፍሉ ኃላፊዎችና ፋይናንስ ነበሩ። ሁሉም ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ሥልጣን ያለውን ሰው ማግኘት አይቸግርም፤ የሚቸግረው ሕንፃው ውስጥ ውሎ የሚያድረውን ሰው ማግኘት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ክፍል እያነሳሁ «ጠዋት ማን ይከፍተዋል፣ ማታስ ማን ይዘጋዋል?» ብዬ ጠየቅሁ። የጽዳት ሠራተኞቹ፣ የጥገና ባለሙያው፣ ጥበቃዎቹና የሌሊት ተረኛ ነርሶቹ ዝርዝሩ ውስጥ የገቡት በዚህ ጥያቄ ነው። እናቶቹን ግን ስብሰባ አልጠራኋቸውም። ሕፃን ያቀፈች ሴት ለስብሰባ ጊዜ የላትም፤ በነባሩ ክሊኒክ ወረፋ የሚጠብቁበት ወንበር ላይ አብሬያቸው ተቀመጥኩ።

«ምን ትፈልጋላችሁ?» ብዬ አልጠየቅሁም። ይህ ጥያቄ የሚያመጣው ሁሉም ሰው ሰፊ ክፍል የጠየቀበትን ረጅም ዝርዝር ነው። የጠየቅሁት «ትናንት ከገቡ ጀምሮ እስኪወጡ ምን ሲሠሩ ዋሉ?» ብዬ ነው። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ባልዲ ውሃ ከምድር ቤት ደረጃ ለደረጃ እንደሚያወጡ፣ መወልወያውንም ለአካል ጉዳተኞች በተሠራው መጸዳጃ ቤት ውስጥ እንደሚያስቀምጡ ነገሩኝ። ሌላ ቦታ ስላልነበረ ነው። በየፎቁ ዝቅ ያለ ገንዳ ያለው ትንሽ የጽዳት ዕቃ ክፍል የተጨመረው ከዚህ ንግግር በኋላ ነው። አንዲት እናት ደግሞ «እኔ መጸዳጃ ቤት ስገባ ልጁን ማን ይይዝልኛል?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ የያዘ የዲዛይን መመሪያ አላየሁም።

ፕላን ማንበብ የሠለጠነ ዓይን ይጠይቃል። በ1፡100 ስኬል የተሠራ ፕላን ላይ 30 ሴንቲሜትር የሚታየው 3 ሚሊሜትር ሆኖ ነው። ስለዚህ አንድ ባዶ አዳራሽ ወለል ላይ የምርመራ ክፍሉንና ኮሪደሩን በልካቸው በቴፕ አሰመርን፤ በሩን በካርቶን ሠራን፤ እውነተኛ አልጋና ዊልቸር አስመጣን። ሁለት አልጋ ጎን ለጎን እየገፋን ሞከርን። አንድ አልጋ ወደ 1 ሜትር ስፋት አለው፤ የሚገፋው ሰውና ግድግዳው ሲታሰብ 2.4 ሜትር ኮሪደር ለምን እንደሚያስፈልግ ለፋይናንስ ኃላፊው ማስረዳት አላስፈለገኝም። እሳቸው ራሳቸው ገፍተው አዩት። ዊልቸሩ ለመዞር 1.5 ሜትር ክብ ቦታ ሲፈልግም ሁሉም በዓይኑ አየ።

ከሁሉ የጦፈው ክርክር የተነሳው ስለ ምርመራ አልጋው ነበር። ሐኪሙ በሽተኛን የሚመረምሩት ከበሽተኛው ቀኝ በኩል ቆመው ነው፤ ስለዚህ ግድግዳውን የሚነካው የአልጋው ግራ ጎን መሆን አለበት አሉ። ሲስተሯ ምንም ሳትመልስ አልጋው ላይ ወጥታ ተኛችና «አሁን በሩን ክፈቱት» አለች። ከኮሪደሩ ሆነን ስናይ ጉልበቷ ድረስ ይታያል። ሐኪሙ ትንሽ አሰቡና የካርቶኑን በር ማጠፊያ ወደ ሌላው ጎን አዛወሩት። በሩ ወደ ውስጥ ሲከፈት አልጋውን ከለለ። ለእናቶች ክሊኒክ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ወለሉ ላይ ቆመው በጥቂት ደቂቃ ፈቱት።

አለቃ ባለበት ሠራተኛ አይናገርም። ይህን ሁሉም የሚያውቀው ቢሆንም ስብሰባ ሲጠራ ይረሳል። መጀመሪያ በየሙያ ዘርፉ ለየብቻ አነጋገርኳቸው፤ የተባለውን የተናጋሪውን ስም ሳልጠቅስ ጽፌ ለጋራ ስብሰባው አቀረብኩ። ንድፉንም ሠራተኛው በሚያልፍበት ኮሪደር ለጥፌ አጠገቡ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ አስቀመጥኩ። አርክቴክት ራልፍ ኧርስኪን በእንግሊዝ አገር ኒውካስል ከተማ የባይከርን የመኖሪያ ሰፈር ሲሠራ ቢሮውን እዚያው ሰፈሩ ውስጥ፣ ቀድሞ የቀብር አገልግሎት ይሰጥ በነበረ ቤት ከፍቶ ነዋሪው እንደልቡ ይገባ ይወጣ ነበር። እኔ ያን ያህል አልሄድኩም፤ ሐሳቡን ግን ከእሱ ነው የወሰድኩት።

አጥብቄ የምመክረው ግን የቱ ለውይይት ክፍት፣ የቱ ዝግ እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን መናገርን ነው። ስለ ሕዝብ ተሳትፎ የጻፈችው አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመችው ጽሑፍ ተሳትፎን ባለ 8 እርከን መሰላል አድርጋ አሳይታለች፤ ማማከር ብቻ ከታች 4ኛው እርከን ላይ ሲሆን የምትመድበውም ለይስሙላ ከሚደረገው ተሳትፎ ጋር ነው። ሰው የሚቆጣው ትንሽ ሥልጣን ስለተሰጠው አይመስለኝም፤ ያልተሰጠውን እንደተሰጠው ሲነገረው ነው። እኔ ቦታው፣ በጀቱ፣ የፎቁ ብዛት፣ የኮለኖቹ አቀማመጥና የእሳት አደጋ መውጫዎቹ ዝግ ናቸው አልኩ። የትኛው ክፍል ከየትኛው ይጎራበት፣ በርና መስኮቱ የት ይሁን፣ ዕቃው እንዴት ይደርደር የሚለውን ደግሞ «እናንተ ትወስናላችሁ» አልኩ፤ እነሱም ወሰኑ።

ግጭት አልጠፋም። ላቦራቶሪው፣ ካርድ ክፍሉና ድንገተኛው ሁሉም ምድር ቤት ይሁንልን አሉ፤ ቦታው አይበቃም። ድምፅ አላሰጠሁም፤ ድምፅ ቢሰጥ ብዙ ሠራተኛ ያለው ክፍል ያሸንፋል። በቀን ማን፣ ስንት ጊዜ፣ ከየት ወዴት እንደሚሄድ አብረን ቆጠርን። ሕመምተኛው ላቦራቶሪ የሚሄደው ናሙና ለመስጠት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ናሙና መቀበያው ምድር ቤት ቀረ፤ ላቦራቶሪው በትክክል ከላዩ ሆኖ ናሙናው በትንሽ የዕቃ ሊፍት እንዲወጣ ተደረገ። የላቦራቶሪ ኃላፊዋ በውሳኔው አልተደሰቱም። ምክንያቱን ግን በጽሑፍ ሰጠኋቸው። ለእያንዳንዱ ውሳኔ ጥያቄው፣ አማራጮቹ፣ የወሰነው ሰውና ምክንያቱ የሚጻፍበት መዝገብ ነበረን፤ ውድቅ የሆነ ሐሳብም ከነምክንያቱ ይሰፍራል። በኋላ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጥተው ላቦራቶሪው ይውረድ ሲሉ መዝገቡን ያሳዩዋቸው እኚሁ ኃላፊ ናቸው።

አሠሪው የሰጋው መዘግየትን ነበር። የዲዛይኑ ጊዜ በርግጥም ረዝሟል። ስኬች ላይ ግድግዳ ማዛወር ላጲስ ይፈልጋል፤ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ግን መዶሻ፣ ቫሪዬሽን (ከውሉ ውጪ የሚመጣ የሥራ ለውጥ) እና ከተቋራጩ ጋር ጭቅጭቅ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ርዕስ የመዝጊያ ቀን አስቀመጥን፤ ከቀኑ በኋላ የሚመጣ ሐሳብ የሚታየው ለደኅንነት ወይም ለሕግ ሲሆን ብቻ ነው። በግንባታው ወቅት ከክፍሎቹ አንድም «ይህ በር ይዛወር» የሚል ጥያቄ አልመጣም።

ሥራ ከጀመረ በኋላም ተመልሼ እነዚያኑ ሰዎች ጠየቅሁ። የጽዳት ክፍሎቹ በደንብ ይሠራሉ። መጠበቂያ አዳራሹ ግን ሕፃናት ሲያለቅሱ ያስተጋባል፤ ነርሶቹ ስም ሲጠሩ አይሰማም። ድምፅ የሚውጥ ኮርኒስ የት የት እንደሚገባ አሁን ከእነሱ ጋር እየመረጥን ነው።