በሃያ ሰከንድ የሚነበብ ገጽ

የመጀመሪያው ግራፊክ ኖቭል (በሥዕል የሚተረክ ልብ ወለድ) መጽሐፌ ታትሞ እጄ በገባ በሦስተኛው ቀን ታናሽ እህቴ አንዱን ቅጂ አንሥታ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ማንበብ ጀመረች። እኔም ሥራ የያዝኩ መስዬ ኮምፒዩተሬ ላይ አቀርቅሬ በጎን እከታተላት ነበር። የምጠብቀው ገጽ 62 ላይ እስክትደርስ ነው። እዚያ ገጽ ላይ አንዲት ሴት በሌሊት ዝናብ ብቻዋን አውቶቡስ ስትጠብቅ የሚያሳይ፣ ገጹን ከዳር እስከ ዳር የያዘ ሥዕል አለ፤ የዝናቡን መስመር አንድ በአንድ በቀጭን ብዕር ሳሰምር፣ አስፋልቱ ላይ የሚንጸባረቀውን መብራት ስደመስስና ስመልስ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛል። እህቴ ገጽ 61ን ጨርሳ ገለጠች፣ ሥዕሉን አየችው፣ ዓይኗም ወዲያው ወደ ገጽ 63 ተሻገረ። ሁለት ሰከንድ ቢሞላ ነው። 144ቱን ገጽ ሃምሳ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ጨርሳ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አሳረፈችና «እውነት በጣም ያምራል፤ ቀጣዩስ መቼ ነው የሚወጣው?» አለችኝ።

በሥዕል የሚተረክ ልብ ወለድ መሥራትን ሙያቸው ለማድረግ የሚፈልጉ ሰዎች በየጊዜው ይጽፉልኛል። አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ ስለ ብዕር ዓይነት፣ ስለ ታብሌትና ስለ መሣያ ፕሮግራም ነው፤ እኔ ግን መልሴን የምጀምረው ከእህቴ ሃምሳ ደቂቃ ነው። የዚህ ሥራ ገቢውም፣ ድካሙም፣ ጥበቡም የሚመነጨው ከአንድ አለመመጣጠን ነው፤ እኛ በዝግታ እንሠራለን፣ አንባቢ በፍጥነት ያነበናል። ከዚህ ጋር ያልታረቀ ሰው እጁ ምንም ያህል የተፍታታ ቢሆን ሦስተኛው ወር ላይ ሥራውን መሳቢያ ውስጥ ይከትተዋል። እኔም ሁለት ጊዜ ከትቼዋለሁ።

የራሴን ሒሳብ ላስቀምጥ። አንድ ገጽ ከጽሑፍ ወደ ትንሽ ንድፍ፣ ከንድፉ ወደ እርሳስ፣ ከእርሳሱ ወደ ጥቁር ቀለም ተሸጋግሮ፣ ንግግሩ ተጽፎበት ጥላው እስኪገባለት ድረስ በአማካይ 15 ሰዓት ይወስድብኛል። መጽሐፉን የሠራሁት መደበኛ ሥራዬን ሳልለቅ ስለነበር፣ በሳምንት አምስት ምሽት፣ በየምሽቱም ሦስት ሰዓት ብሠራ በሳምንት የማገኘው አንድ ገጽ ብቻ ነው። ስለዚህ 144 ገጽ ማለት 144 ሳምንት፣ ይኸውም ሳልታመም፣ ሳይሰለቸኝ፣ አንድም ገጽ ሳልደግም ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ማለት ነው። ታመምኩም፣ ሰለቸኝም፣ ደገምኩም፤ ነገሩ ወደ አራት ዓመት ተጠጋ።

ይህ የእኔ ብቻ ስንፍና እንዳይመስል ሁለት ሰዎችን ልጥቀስ። አርት ስፒገልማን አባቱ ከናዚዎች እልቂት የተረፈበትን ታሪክ የተረከበት «ማውስ» በመጽሔት ላይ በተከታታይ መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን የተጠናቀቀው በ1991 ነው፤ ሁለቱ ቅጾች በአንድ ተጠርዘው እንኳ 300 ገጽ አይሞሉም። አሊሰን ቤክዴል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ለታተመው የቤተሰብ ትዝታዋ ሰባት ዓመት ሰጥታለች፤ የእያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ አቋቋምና አቀማመጥ ለማግኘት ራሷ እንደዚያ እየሆነች ፎቶግራፍ ትነሣ ነበር። ይህን ባነበብኩ ጊዜ የተሰማኝ እፎይታ ቀላል አይደለም፤ እኔም በር ተቆልፎበት የሚለምን ሽማግሌ ለመሣል ስልኬን መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አቁሜ ወለል ላይ ተንበርክኬ ስለማውቅ፣ ጎረቤት በመስኮት ቢያየኝ ምን ይለኝ ይሆን እያልኩ እሳቀቅ ነበር።

«ታዲያ ሥራዬን ልልቀቅ?» የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። የእኔ አስተያየት ቁርጥ ያለ ነው፤ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ለመሥራት ማንም ሥራውን መልቀቅ የለበትም። ጂን ሉዌን ያንግ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት የመጨረሻ እጩዎች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ፣ ከግራፊክ ኖቭል ደራሲዎች የመጀመሪያው ሆኖ ሳለ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ኮምፒዩተር ሳይንስ እያስተማረ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት አስተምሯል። ሌሎቻችን የምንኖረው ለማስታወቂያ ስቶሪቦርድ (ከቀረጻ በፊት ትዕይንቱን በተራ የሚያሳይ ሥዕል) እየሠራን፣ የመጻሕፍት ሽፋን እየሣልን፣ እያስተማርን ነው። ይህ ውድቀት ተደርጎ ሲቆጠር እሰማለሁ፤ እኔ ግን የቤት ኪራዩ በሌላ ሥራ የተከፈለለት ገጽ ላይ አሳታሚም ሆነ ገበያ ብዙ ማዘዝ እንደማይችል አይቻለሁ።

ስለ እጅ ችሎታ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። አንድ የሚያምር ሥዕል መሣልና አንድን ፊት አራት መቶ ጊዜ፣ ከጎን፣ ከላይ፣ ሲስቅ፣ ሲያስነጥስ፣ ያው ሰው መሆኑ ሳይጠፋ መሣል የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ሁለተኛውን ማንም አላስተማረኝም ነበር። በመጽሐፌ ውስጥ ያለው ዋና ገጸ ባሕርይ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ዓይን እንዲስብልኝ ብዬ፣ ባለ ዳማ ሸሚዝ አለበስኩት። ሸሚዙ በእርግጥም ያምር ነበር። ታሪኩ ግን በአንድ ቀን ውስጥ የሚያልቅ ስለሆነ ሰውዬው ልብስ የሚቀይርበት ምክንያት የለውም፤ ስለዚህ ያን ዳማ፣ እጁን ባጠፈ ቁጥር መስመሩ አብሮ እየታጠፈ፣ ሲሮጥ እየተሸበሸበ፣ 311 ጊዜ ሣልኩት። ቆጥሬዋለሁ። ገጽ 90 ላይ ቡና ደፍቼበት ሸሚዙን ላስወልቀው አስቤ ነበር፤ ታሪኩ አልፈቀደልኝም። አሁን ገጸ ባሕርያቴ ሁሉ የሚለብሱት አንድ ወጥ ቀለም ነው።

ዋናው ሥራ ያለው ግን ከሥዕሉ በፊት ነው። ገጹን በሦስት ጣት ስፋት ወረቀት ላይ በጭረት ብቻ የምናወጣበት፣ ሰው ክብና ዱላ የሚሆንበት ትንሽ ንድፍ አለ፤ ታሪኩ የሚተረከው በእውነቱ እዚያ ላይ ነው። ስንት ክፈፍ (ገጹ የሚከፋፈልበት የሥዕል ሳጥን) ይኑር፣ የትኛው ይስፋ፣ የትኛው ይጥበብ፣ በሁለት ክፈፎች መካከል በሚቀረው ነጭ ክፍተት ውስጥ ምን ይዘለል የሚለው ሁሉ የሚወሰነው በዚያች ቁራጭ ወረቀት ነው። አንድ ሰው እጁን ወደ በር እጀታ ሲዘረጋ በአንዱ ክፈፍ፣ ውስጥ ተቀምጦ በሌላው ክፈፍ ቢታይ፣ በሩን የከፈተው አንባቢው ራሱ ነው፤ እኛ አልሣልነውም። የገጽ መግለጥም እንዲሁ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ በሚነበብ መጽሐፍ ውስጥ አንባቢን የሚያስደነግጥ ነገር በቀኝ ገጽ ላይ ከተቀመጠ፣ ገና የግራውን ማንበብ ሳይጀምር ዓይኑ ሾልኮ ያየዋል። ስለዚህ ጥያቄው በቀኝ ገጽ መጨረሻ ላይ፣ መልሱ ደግሞ ከተገለጠ በኋላ በግራው ገጽ ላይ ይውላል። የዝናቡን ሥዕል ገጽ 62 ላይ ያደረግኩትም በዚሁ ምክንያት ነበር፤ እስከዚህ ድረስ አልተሳሳትኩም።

የተሳሳትኩት ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ይህንንም ያስተማረችኝ እህቴ ናት። የአንባቢ ጊዜ የሚገዛው በሠዓሊው ድካም አይደለም። ገጽ ሙሉ ሥዕል ምንም ያህል ዝርዝር ቢኖረው አንድ ክፈፍ ነው፤ ዓይን እንደ አንድ ነገር ተቀብሎት ያልፋል፣ በተለይ ቃል ከሌለበትና ታሪኩ እየገፋ ከሆነ። ያንኑ አውቶቡስ ጥበቃ በዘጠኝ ትንንሽ ክፈፎች ብከፋፍለው፣ በአንዱ የሴትዮዋን ጫማ፣ በአንዱ ባዶውን መንገድ፣ በአንዱ እንደገና ጫማዋን፣ ውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ ባሳይ፣ አንባቢው እያንዳንዱ ክፈፍ ላይ ሳይወድ በግድ ይቆም ነበር፤ መጠበቅም መጠበቅ ይሆን ነበር። ዘጠኙ ክፈፎች ደግሞ ቢበዛ ሁለት ቀን ቢፈጁ ነው። ዘጠኝ ቀን የፈጀሁት ለታሪኩ ሳይሆን እንዲደነቅልኝ ነበር ብል ከእውነት አልርቅም።

ቃሉን በተመለከተ የሠራሁት ስሕተት የበለጠ ዋጋ አስከፍሎኛል። የመጀመሪያዎቹን 22 ገጾች ሥዕሉን ጨርሼ ንግግሩን በኋላ እጨምረዋለሁ ብዬ ሠራሁ። ንግግር የሚጻፍባቸውን አረፋዎች ማስገባት ስጀምር ግን ቦታ የለም፤ አንዱ አረፋ ፊት ይሸፍናል፣ ሌላው ሰውዬው የያዘውን ቢላዋ፣ ሦስተኛው ደግሞ ቀድሞ መነበብ ሲገባው ከቀኝ በኩል ተሸጉጦ መልሱ ከጥያቄው በፊት ይነበባል። አሥራ ሰባቱን ገጽ እንደገና ሣልኳቸው። አሁን እርሳስ ከማንሣቴ በፊት ፊደሉን አስቀምጣለሁ። በአማርኛ ስንጽፍ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ አንድን ዓረፍተ ነገር ለሁለት አረፋ ብንከፍለው አንባቢው ነገሩ የሆነ ይሁን ያልሆነ ሳያውቅ ተንጠልጥሎ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ይህን መጀመሪያ እንደ ችግር ነበር የማየው፤ አሁን ሆን ብዬ እጠቀምበታለሁ።

የኅትመቱን ጣጣ ባጭሩ ልለፈው። ነጠላ ጥቁር መስመር በትንሹ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ካልተዘጋጀ ጠርዙ ይፈረካከሳል፤ እኔ ግማሹን በ150 ሠርቼ የመጀመሪያው ናሙና ሲመጣ ፊቶቹ ሁሉ ፂም ያበቀሉ መስለው ነበር። ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ሥዕል ሲቆረጥ ነጭ እንዳይተው ከገጹ ጠርዝ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ማለፍ አለበት። ወረቀቱ ታጥፎ የሚጠረዘው ብዙ ጊዜ በ16 ገጽ ስለሆነ የገጹ ብዛትም በዚያ ቢካፈል ይመረጣል፤ 144 ያልኩት በአጋጣሚ አይደለም።

ወደ አሳታሚ ስንሄድ በአብዛኛው የሚጠየቀው የታሪኩ ማጠቃለያ፣ የሙሉው ታሪክ ጽሑፍና ከ10 እስከ 20 የሚደርስ ያለቀለት ገጽ ነው። እኔ ለ11 አሳታሚዎች ላክሁ፤ ስምንቱ አልመለሱም፣ ሁለቱ በትሕትና አሰናበቱኝ፣ አንዱ ተቀበለኝ። ዝምታው ከእምቢታው የከፋ ነበር። ከዚያ በፊት ግን አንድ አጭር ሥራዬን ስሙን ለማልጠቅሰው አነስተኛ አሳታሚ ስሰጥ፣ ውሉን ሳላነብ ፈርሜአለሁ፤ ለካ በአንዲት ሐረግ ትርጉሙን፣ ፊልሙንና ወደፊት ሊፈጠር የሚችለውን ማናቸውንም የማቅረቢያ መንገድ አብሬ አስረክቤ ኖሯል። ቅጂዎቹ ካለቁ ቆይተዋል፣ እንደገና አይታተሙም፣ እኔም ላሳትማቸው አልችልም። ስለዚህ አሁን ውል ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምፈልገው የገንዘቡን ቁጥር ሳይሆን፣ መጽሐፉ ከገበያ ሲጠፋ መብቱ ወደ ደራሲው ይመለሳል የሚለውን አንቀጽ ነው። ቅድሚያ ክፍያ የሚባለውም ከሽያጭ ድርሻ ላይ አስቀድሞ የሚሰጥ እንጂ ተጨማሪ ገንዘብ አይደለም፤ በዚያ ልክ እስኪሸጥ ድረስ ሌላ ሳንቲም አይመጣም።

በስልክ ላይ ወደ ታች እየተንሸራተተ የሚነበበውን ተከታታይ ኮሚክ ለምን እንዳልሞከርኩ የሚጠይቁም አሉ። ሞክሬ ነበር፤ በየሳምንቱ የማድረስ ግዴታው ሥነ ሥርዓት አስተምሮኛል፣ የእጅ አንጓዬንም አሳምሞ ለሁለት ወር ብዕር አስጥሎኛል። ከዚህም ሌላ ለመንሸራተት የተሠራ ታሪክ የሚገለጥ ገጽ ስለሌለው ወደ መጽሐፍ ለመመለስ ከሥሩ መፍረስ አለበት። ለሌሎች የሚመች መንገድ መሆኑን አልክድም።

አሁን ሁለተኛውን መጽሐፍ በመሥራት ላይ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን ምዕራፍ ትንንሽ ንድፎች፣ ሰዎቹ ገና ክብና ዱላ እንደሆኑ፣ ለእህቴ ሰጠኋት። እንደ ልማዷ እየፈጠነች ሄደች። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ግን ቆመች፤ ስድስት ጠባብ ክፈፎች ያሉት፣ አንዲት ቃል የሌለበት፣ አንድ እጅ የስልክ እጀታ ላይ አርፎ የሚነሣበት፣ እንደገና የሚያርፍበት ገጽ ነው። ወደ አሥረኛው ተመለሰች፤ አንድ ነገር ፈለገችና ደግማ ወደ አሥራ አንደኛው መጣች። «ደወለችለት ወይስ አልደወለችለትም?» ብላ ጠየቀችኝ። ገጹን የሠራሁት አውቶቡስ ስጠብቅ፣ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ነበር።