የአራስ ቤት እንባ

ዛሬ አራት ኪሎ አካባቢ አራስ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን ገባን፤ ገንፎ ቀረበ፤ ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የ22 ዓመቷ እናቱ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ከወለደች 5 ሳምንት ሊሞላት ነው። «ልጁ ተኝቶ እንኳን እንቅልፍ አይወስደኝም» አለችኝ ቀስ ብላ። አንዲት ዘመዷ «እግዚአብሔር ልጅ ሰጥቶሽ ታለቅሻለሽ?» ስትላት አንጀቴ አረረ።

በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ሆድ መባስ በብዙ እናቶች ላይ ይደርሳል፤ በራሱም ያልፋል። ከዚያ ሲዘልቅ ግን ድባቴ (ዲፕሬሽን) ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ሕመም እንጂ ምስጋና ቢስነት አይደለም! ከወሊድ በኋላ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት ሆርሞኖች በድንገት ያሽቆለቁላሉ። እንቅልፍ ማጣት፣ የኑሮ ጭንቀት፣ የባል ጥቃት፣ ቀድሞ የነበረ ድባቴ ሲጨመሩበት ይብሳል። በተለይ ገና በልጅነቷ የወለደች፣ አጋዥም የሌላት እናት ብቻዋን ትሸከመዋለች።

ደግሞም ይታከማል። ከባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጥ ሕክምና አለ፤ ሲከብድ መድኃኒት ይታዘዛል፤ እንደ ሰርትራሊን ያለውን የምታጠባ እናትም በሐኪም ክትትል ልትወስደው ትችላለች። ራሷን ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት፣ የሌለ ድምፅ ከሰማች ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለባት።

ሕፃኑ በ6ኛው ሳምንት ለክትባት ጤና ጣቢያ ይሄዳል። አብሬያት ሄጄ እሷም እንድትታይ ተስማምተናል። እስከዚያው አማቷ ሌሊት ሕፃኑን ይዘው ሊያስተኟት ቃል ገብተዋል።